በማረፊያ ቤትና በማረሚያ ቤት ደኅንነትን ስለ መጠበቅ፦ ለተረኛ አባላትና ለኃላፊዎች

እስረኛ ስለሚያድርበት ቤት ጸጥታ ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን የአጥሩ ከፍታ፣ እሾሃማው ሽቦና በማማው ላይ የቆመው ጠመንጃ ያዥ ነው። እነዚህ ሰው እንዳያመልጥ ይረዳሉ፤ በውስጥ ያለው ሰው እንዳይደበደብ፣ በሽታ እንዳይጨርሰው፣ ራሱን እንዳይጎዳና ቤቱ በአንድ ሌሊት እንዳይነድ ግን አያደርጉም። በዚህ ሥራ ላይ ለዓመታት ቆይቼ፣ በኋላም አዳዲስ አባላትን ሳሠለጥን የተረዳሁት፣ አደጋ የደረሰበት ቤት አስቀድሞ አንድ ተራ የሚመስል ነገር የጎደለው መሆኑን ነው፤ ያልተቆጠረ ሰው፣ ያለ ቦታው የዋለ ቁልፍ፣ ሳይመዘገብ የታለፈ ቁስል ወይም ሰሚ ያጣ አቤቱታ። ከዚህ በታች የምጽፈው በፖሊስ ጣቢያ ማረፊያ ቤትም ሆነ በማረሚያ ቤት ለሚሠራ ተረኛ፣ ፈረቃ መሪና ኃላፊ እነዚህ ተራ ነገሮች እንዴት በየቀኑ እንደሚሠሩ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ደኅንነቱ የሚጠበቀው የማን እንደሆነ መግባባት ያስፈልጋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ያጸደቃቸውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የተሰየሙት 122 የእስረኞች አያያዝ ደንቦች በመጀመሪያው ደንብ ላይ የእስረኛው፣ የሠራተኛው፣ አገልግሎት ለመስጠት የሚገባው ሰውና የጠያቂው ደኅንነት ዘወትር መጠበቅ እንዳለበት ይደነግጋሉ። አራቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅሰዋል፤ አንዱ ለሌላው ሲባል አይሠዋም። የእኛው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 18 ከጭካኔና ከኢሰብአዊ አያያዝ የመጠበቅን፣ በአንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ሰብአዊ ክብሩን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝን መብት አስፍሯል። ይህን የምጠቅሰው ለወግ አይደለም። ክብሩ የተጠበቀ እስረኛ ወሬ ይነግራል፣ አደጋ ሲያይ በር ይደበድባል፣ ጠብ ሲነሣ ይገላግላል፤ የተዋረደ እስረኛ ግን እያየ ዝም ይላል፤ ዝምታ የበዛበት ቤት ደግሞ ተረኛው ምንም የማያውቅበት ቤት ነው።

መቀበያው ጠረጴዛ ላይ

የእስረኛው ደኅንነት ከሁሉ በላይ የሚወሰነው በገባበት የመጀመሪያ ሰዓት ነው። አምጪው አባል አስረክቦ ከመሄዱ በፊት ተቀባዩ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ በማን ትዕዛዝና በምን ምክንያት እንደተያዘ፣ ሰውነቱም በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ማረጋገጥ አለበት። የተያዘበት ቀንና ሰዓት ከነደቂቃው ይጻፋል፤ ምክንያቱም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ከዚህ ውጭ የሚታሰበው ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ሰዓት የሚጀምረው ሰውየው ከተያዘበት ቅጽበት እንጂ መርማሪው ቢሮ ከገባበት ወይም መዝገቡ ከተከፈተበት አይደለም። መዝገቡ ገጹ የተቆጠረ፣ ቅጠሉ የማይቀደድ መሆን አለበት፤ ስሕተት ሲፈጠር በአንድ መስመር ተሠርዞ ይፈረምበታል እንጂ አይፋቅም፣ በነጭ ቀለምም አይሸፈንም።

ሰውነቱን ማየት ማለት ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ መመልከትና ያዩትን መጻፍ ነው። «ጤነኛ» ተብሎ የሚጻፍ አንድ ቃል ለማንም አይጠቅምም። «በግራ ቅንድቡ ላይ ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን የደረቀ ቁስል፣ በቀኝ ክንዱ ላይ እብጠት፣ ሲጠየቅ ከመኪና ሲወርድ መውደቁን ተናግሯል» ተብሎ ሲጻፍ ግን እስረኛውንም ተረኛውንም ይጠብቃል፤ ቁስሉ ከመግባቱ በፊት እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ በኋላ የሚመሰክረው ይኸው ጽሑፍ ነውና። ጉዳቱ የከፋ ከሆነ ተቀባዩ ሰውየውን ሳይረከብ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም እንዲወሰድ መጠየቅ ይችላል፤ ይህን ለማለት የሚያፍር ፈረቃ መሪ ሊኖር አይገባም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። በአንድ ጣቢያ ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት ከአረቄ ቤት ጠብ አንሥቷል የተባለ ሰው መጣልን። አረቄ አረቄ ይሸታል፣ መቆም አልቻለም፣ አንደበቱ ተሳስሯል። «ስካሩ ሲበርድለት ቃሉን እንቀበለዋለን» ብለን አስተኛነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ አጠገቡ የተኛ ወጣት በሩን እየደበደበ «የዚህ ሰው አኮራረፍ ሌላ ነው» ብሎ ጠራኝ። ገብቼ በባትሪ ሳየው አንደኛው የዓይኑ ብሌን ከሌላው ሰፍቷል፤ ከጆሮው ጀርባ፣ በፀጉሩ ሥር፣ የረጋ ደም አለ። ሆስፒታል ደርሶ ተረፈ። ያተረፈው ግን የእኔ ጥበቃ ሳይሆን ማንም ያላዘዘው የአንድ ልጅ ጆሮ ነበር፤ እኔ በመዝገቡ ላይ የጻፍኩት «ሰክሯል» የሚል ቃል ብቻ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ለማሠለጥነው ሁሉ የምነግረው ይህን ነው። የሰከረ ወይም የሰከረ የሚመስል ሰው በጎኑ ይተኛል፣ በጀርባው አይተኛም፣ ብቻውንም አይተውም። ተረኛው በየ30 ደቂቃው ገብቶ ይቀሰቅሰዋል፤ ስሙን ይጠይቀዋል፣ ዓይኑን እንዲከፍትና እጁን እንዲጨብጥ ይነግረዋል፣ ያየውንም ከነሰዓቱ ይጽፋል። መቀስቀስ ያልተቻለ ሰው እንቅልፍ የወሰደው ሳይሆን ድንገተኛ ሕመምተኛ ነው፤ አምቡላንስ ይጠራል። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ደግሞ መጠጡ በድንገት ሲቋረጥበት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሊንቀጠቀጥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሊጥለውም ይችላል። ይህን አይቶ «ሰይጣን ያዘው» ወይም «እያስመሰለ ነው» ማለት ሰው ይገድላል፤ የሐኪም ሥራ ነው።

ራስን የማጥፋት አደጋም ከፍ የሚለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ በታሰረ፣ በቤተሰቡ ላይ በደረሰ ወንጀል በተጠረጠረ ወይም ከባድ ፍርድ ሰምቶ በተመለሰ ሰው ላይ። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስተምርም፤ ብዙ ጊዜ እንባውን ያወርድለታል። እንዲህ ያለውን ሰው ለብቻው ዘግቶ ማስቀመጥ የባሰ ነው። ረጋ ካለ ሰው ጋር አንድ ክፍል ማድረግ፣ ቀበቶና የጫማ ክር የመሰለውን መያዝ፣ ዘመድ እንዲያናግረው ፈጥኖ መደወል፣ ሰዓቱ ሳይታወቅ ደጋግሞ ማየትና ለሐኪም ማሳወቅ ይገባል።

ንብረቱ ባለቤቱ እያየ ተቆጥሮ፣ ብሩ እስከ ሳንቲሙ ተጽፎ፣ ሁለቱም ፈርመውበት ቅጂው ይሰጠዋል። ከዚያም መብቱና የቤቱ ደንብ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል። ማንበብ ለማይችል ይነበብለታል፤ መስማት ለተሳነው የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ይፈለጋል። ቤተሰቡ የት እንዳለ እንዲያውቅ ማድረግም የመቀበያው ሥራ ነው፤ ጠፍቶብን ብለው ከጣቢያ ጣቢያ የሚንከራተቱ እናትና አባት በር ላይ ሲደርሱ የሚፈጠረውን ሁከት ያየ ሰው የአንድ ስልክ ጥቅም ይገባዋል።

ማንን ከማን ጋር

ሴቶች ከወንዶች መለየታቸው፣ የሚጠብቋቸውም ሴት አባላት መሆናቸው ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። ወንድ አባል ወደ ሴቶች ክልል የሚገባው ሴት አባል አብራው ስትሆን ብቻ ነው፤ ሌሊት ሴት ተረኛ የሌላት ጣቢያ ሴት ተጠርጣሪ ማሳደር የለባትም። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ወጣት ጥፋተኞች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 አዟል። ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ከተፈረደበት መለየቱም ሌላው መሠረታዊ ደንብ ነው። ከዚህ ያለፈው ግን በሕግ ብቻ የማይመለስ፣ ሰው ማወቅን የሚጠይቅ ነው። ደም የተቃቡ ቤተሰቦች ልጆች፣ አንዱ በሌላው ላይ ሊመሰክር የተጠራባቸው ሰዎች፣ የቀድሞ የፖሊስ አባል፣ በአካባቢው አነጋጋሪ በሆነ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው፣ እነዚህን የት እንደሚያሳድር የሚወስነው ፈረቃ መሪ ምክንያቱን በመዝገብ ላይ ማስፈር አለበት። «ከማን ጋር ብትሆን ትሰጋለህ?» የሚለውን ጥያቄ ራሱን እስረኛውን መጠየቅ ከማንኛውም ቅጽ ይበልጣል።

መጨናነቅ የብዙ ጠብና በሽታ ምንጭ ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በጋራ ማደሪያ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.4 ካሬ ሜትር፣ ለ25 ሰው አንድ መጸዳጃ እንዲኖር ይመክራል። በእኛ ሁኔታ ይህን የሚያሟላ ቤት ማግኘት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የእያንዳንዱ ክፍል ስፋት ተለክቶ የሚይዘው ሰው ቁጥር በበሩ ላይ መጻፍ አለበት፤ ከዚያ ያለፈበት ቀን ሁሉ በጽሑፍ ለበላይ መገለጽ አለበት። ከሁሉ ርካሹ የማስፋፊያ ሥራ ደግሞ ግንባታ ሳይሆን መዝገብ ማገላበጥ ነው፤ ዋስትና ተፈቅዶለት በወረቀት መጓተት የተቀመጠ፣ የጊዜ ቀጠሮው ያለፈበት፣ የእስራት ጊዜውን ጨርሶ ትዕዛዝ የሚጠብቅ ሰው በየሳምንቱ እየተለየ ለዐቃቤ ሕግና ለፍርድ ቤት ዝርዝሩ ቢቀርብ ብዙ ቦታ ይለቀቃል።

ቆጠራና ርክክብ

ቆጠራ ቢያንስ በየፈረቃው መግቢያና መውጫ፣ ከዚያም ማታ በሮች ከመዘጋታቸው በፊት ይደረጋል። የሚቆጥሩት ሁለት አባላት ናቸው፤ አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ከዚያ ቦታ ተለዋውጠው ይደግማሉ። የሚቆጠረው ሰው ነው እንጂ ብርድ ልብስ አይደለም፤ ሌሊት ሲቆጠር ፊት መታየት፣ ትንፋሽ መስተዋል አለበት። ብዙ ቦታ የተለመደው ግን ተረኛው በር ላይ ቆሞ «ስንት ናችሁ?» ብሎ መጠየቅና የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም የእስረኞቹ ተወካይ፣ «47፣ ሞልቷል» ሲል ጽፎ ማለፍ ነው። ይህ ቆጠራ ሳይሆን ወሬ መቀበል ነው። ጠዋት ሞቶ የተገኘ ሰው ማታ በቁጥር «ሙሉ» ተብሎ ያለፈበት አጋጣሚ የዚህ ልማድ ውጤት ነው።

ፍርድ ቤት የሄደ፣ ሆስፒታል የተኛ፣ ለሥራ የወጣ ሁሉ በስሙ ተለይቶ ሲደመር ድምሩ ከመዝገቡ ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ማንኛውም እንቅስቃሴ ይቆማል፣ በር አይከፈትም፣ ፈረቃው አይለወጥም፣ ቆጠራው ይደገማል። ድካም ያለባቸው የፈረቃው አባላት «ነገ ይታያል» ለማለት የሚፈተኑት በዚህ ሰዓት ነው፤ መሪው እዚያው መቆም ያለበትም ለዚህ ነው።

ርክክብ ላይ ተሰናባቹ ፈረቃ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሁኔታ ያስረክባል። ማን ምግብ እንዳልበላ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጋጨ፣ ማን መጥፎ መርዶ እንደሰማ፣ የትኛው መብራት እንደተቃጠለ ይነገራል፣ ይጻፋልም። ለዚህ 15 ደቂቃ መመደብ ብክነት አይደለም። አዲሱ ተረኛ ክፍሎቹን ከነባሩ ጋር ዞሮ ሳያይ አይፈርም።

ቁልፍ በቁጥርና በስም ምልክት ተደርጎበት ከተቆለፈ ሳጥን በፊርማ ይወጣል፣ በፊርማ ይመለሳል። የውጭው በርና የውስጡ በር በአንድ ጊዜ አይከፈቱም። ቁልፍ በእስረኛ እጅ ለአፍታም አይገባም፤ በአባሉ ኪስ ሆኖም ወደ ቤት አይሄድም።

ፍተሻና ስንቅ

ፍተሻ የሚደረገው የተከለከለ ነገር ለማግኘት እንጂ ሰውን ለማሳነስ አይደለም። አስፈላጊና ከሥጋቱ ጋር የተመጣጠነ፣ በተመሳሳይ ጾታ አባል፣ ከሌሎች ዓይን ተከልሎ መደረግ አለበት፤ ልብስ ማስወለቅ በእውነተኛ ጥርጣሬ ላይ ብቻ የሚመሠረት ሲሆን ወደ ሰውነት ውስጥ የሚዘልቅ ፍተሻ ከሠለጠነ የጤና ባለሙያ በቀር ማንም አይነካውም። ክፍል ሲፈተሽ የጸሎት መጻሕፍት፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ ከጠበቃ የተጻጻፉት ወረቀት አይበተንም፣ ምንጣፉ ላይ በጫማ አይወጣበትም። የተፈተሸበት ምክንያት፣ ፈታሹና የተገኘው ነገር ይመዘገባል። ፍተሻው ሰዓቱ የማይገመት ሲሆን ይጠቅማል፤ ዘወትር ሰኞ ጠዋት የሚደረግ ፍተሻ እሑድ ማታ ይታወቃል።

በእኛ አገር ፍተሻ የሚበዛው በስንቅ ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ወጥ ሠርታ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ፣ ምሳ ዕቃውን በፌስታል አንጠልጥላ የመጣች እናት በር ላይ ተሰልፋለች። አንድ ፈታሽ እንጀራውን በማንኪያ ገለባብጦ፣ ወጡን አማስሎ፣ ዳቦውን በእጁ ፈርክሶ ሲመልስላት አይቻለሁ፤ ምንም አልተናገረችም፣ ክዳኑን መግጠም ግን አቅቷት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያው ሥራ በሌላ መንገድ ይሠራል። ፈታሹ እጁን ይታጠባል ወይም ጓንት ያጠልቃል፣ ንጹሕ ማንኪያ ይሰጣታል፣ እንጀራውን ራሷ ትዘረጋዋለች፣ ወጡን ራሷ ታማስለዋለች፣ እሷው ትቀምሰዋለች፣ እሱ ያያል። ዳቦ በቢላ ከሁለት ይከፈላል፤ ለስላሳ መጠጥ ወደ ተፈቀደ ግልጽ ዕቃ ይገለበጣል። በጾም ወቅት የፍስክ ማንኪያ ለጾም ምግብ፣ ወይም የአንዱ ሃይማኖት ተከታይ ምግብ በነካ ዕቃ የሌላው እንዳይነካ ጥንቃቄ ማድረግ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በዚህ የተነሣ ግን ምግብ ሲደፋና ክፍል ሲሸበር አይቻለሁ። የተከለከለው ነገር ዝርዝር በር ላይ በጉልህ ተለጥፎ ጠያቂው ከቤቱ ሳይነሣ እንዲያውቀው ቢደረግ የበሩ ጭቅጭቅ ግማሹ ይቀራል። የተከለከለ ዕቃ በሠራተኛ ኪስም ስለሚገባ አባሉም ኃላፊውም ሲገቡ በዚያው በር መፈተሽ አለባቸው።

ጠያቂን ማጉላላት ጸጥታ አይጨምርም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና የሕግ አማካሪ እስረኛውን እንዲያገኙት ይፈቅዳል፤ ከሰው የተገናኘ እስረኛ ደግሞ ማታ የተረጋጋ ሆኖ ያድራል።

እሳት

ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት እሳት ተነሥቶ ብዙ ሰው አለቀ፤ መንግሥት በወቅቱ የሟቾቹ ቁጥር 23 መሆኑን፣ አብዛኞቹም በመረጋገጥና በመታፈን መሞታቸውን አሳውቋል። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012፣ በሆንዱራስ ኮማያጓ እስር ቤት ከ350 የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ሌሊት ሲሞቱ ብዙዎቹ የተቆለፈው በር ሳይከፈትላቸው ነበር። እነዚህን ሁለት ስሞች የማነሣው እሳት ባለበት ሁሉ ጥያቄው አንድ ስለሆነ ነው፦ ቁልፉ የት ነው፣ ለመክፈትስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ስለዚህ የእያንዳንዱ ክፍል ትርፍ ቁልፍ ለአደጋ ጊዜ ብቻ በታወቀና ሌሊትም ተረኛ በማይጠፋበት ቦታ ይቀመጥ። በጨለማና በጢስ ውስጥ በመዳሰስ እንዲለይ የቁልፉ ራስ ላይ ጥርስ ወይም ቀለበት ይደረግበት። የፈረቃ መሪው ፈቃድ ሳይጠብቅ ተረኛው እንዲከፍት ሥልጣኑ አስቀድሞ በጽሑፍ ይሰጠው፤ እሳት ባለበት ሰዓት ስልክ የሚደውል ተረኛ ሰው ያስፈጃል። እስረኛው የሚወጣው ወደ መንገድ ሳይሆን በአጥሩ ውስጥ ወዳለ ገላጣ ሜዳ ነው፤ የውጭውን ክልል የሚጠብቁት አባላት ቦታቸውን አይለቁም፤ እስረኞቹም እንደወጡ ወዲያው በስም ይቆጠራሉ። በቁጥሩ ውስጥ ከእናቶቻቸው ጋር ያሉ ሕፃናት፣ አልጋ የያዙ ሕመምተኞችና መራመድ የማይችሉ ሰዎች ማን እንደሚሸከማቸው ጭምር ተወስኖ መታወቅ አለበት።

ልምምዱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በሌሊት ፈረቃ ይደረግ፤ ሰዓት ተይዞ የመጨረሻው በር እስኪከፈት የፈጀው ጊዜ ይጻፍ። የመጀመሪያው ልምምድ ያሳፍራል፤ ዝገት የበላው ቁልፍ፣ ያለፈበት የእሳት ማጥፊያ፣ በሣጥን የተዘጋ መውጫ ይገኛል። የሚፈለገውም ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ በየማደሪያው እርስ በርሱ የተቀጠለ ሽቦና የኤሌክትሪክ ምድጃ በየሳምንቱ መታየት አለበት። የስፖንጅ ፍራሽ ሲነድ የሚያወጣው ጢስ ነበልባሉ ሳይደርስ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፤ ፍራሾችን እስከ ጣሪያ መከመር፣ መስኮትን በካርቶን መድፈን መከልከል ያለበት ለዚህ ነው።

ካቦ፣ ጠብና አቤቱታ

ሰው በበዛበት ማደሪያ ውኃ ለመቅዳት፣ ተራ ለማስያዝና ለማጽዳት ተወካይ መኖሩ ያስፈልጋል። ተወካዩ ግን መቅጣት፣ መኝታ መሸጥ፣ ስንቅ መቀነስ ወይም አዲስ ገቢን «የሻማ» ብሎ ገንዘብ ማስከፈል ሲጀምር ቤቱ ከመንግሥት እጅ ወጥቷል ማለት ነው። የማንዴላ ደንቦች በደንብ 40 እስረኛን በሌላ እስረኛ ላይ የመቅጣት ሥራ መስጠትን ይከለክላሉ። ተወካዩ በመራጮቹ በየጊዜው ይለወጥ፤ መኝታ የሚደለድለው ተረኛው እንጂ እሱ አይሁን፤ ተረኛውም በየቀኑ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ከካቦው ውጭ ካሉ ሰዎች ጋር ይነጋገር። በቀን ሁለት ጊዜ ገብቶ «እንዴት አደራችሁ፣ ውኃ መጣ ወይ?» የሚል አባል ለአሥር ካሜራ የማይታየውን ያያል። ሁልጊዜ ግራ ጥግ የሚቀመጠው ሽማግሌ ዛሬ በር ሥር ከተቀመጠ፣ ሁለት አብረው የሚበሉ ሰዎች ከተለያዩ፣ ሁሉም ቀን ጫማ አድርጎ ከተኛ አንድ ነገር ሊነሣ ነው።

አቤቱታ የሚቀርብበት መንገድ በካቦውና በቅርብ ተረኛው በኩል ብቻ መሆን የለበትም። የተቆለፈ የአቤቱታ ሣጥን፣ ኃላፊው በሳምንት አንድ ቀን ያለ አጃቢ እስረኞችን የሚሰማበት ሰዓት፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባለሙያዎች ሲመጡም እስረኞችን ለብቻ ማነጋገር የሚችሉበት ቦታ ያስፈልጋል። አቤት ያለ ሰው ከተበቀሉት ሁለተኛው ሰው አቤት አይልም፤ በቀጥታ ረሃብ አድማ ወይም ሁከት ይሆናል።

ኃይል ስለ መጠቀም

ኃይል የመጨረሻው መንገድ ነው፤ ራስን ለመከላከል፣ ማምለጥን ለመግታት ወይም በሕጋዊ ትዕዛዝ ላይ የሚደረግን አካላዊ እንቢታ ለማስቆም ብቻ፣ በሚያስፈልገው መጠን ይወሰዳል፣ ወዲያው በጽሑፍ ይገለጻል። ከእስረኞች ጋር ፊት ለፊት የሚውል አባል መሣሪያ አይታጠቅም፤ የታጠቀው በማማና በውጭ በር ይቆማል። አንድ ጠመንጃ ማደሪያ ውስጥ ከተነጠቀ የቤቱ ሁሉ ሕይወት በአንድ ጣት ላይ ይንጠለጠላል።

የያዙትን ሰው በደረቱ አስተኝቶ ጀርባው ላይ መቀመጥ ወይም በጉልበት መጫን ትንፋሹን ይዘጋል። «መተንፈስ አልቻልኩም» የሚለውን ቃል እንደ ማታለያ የቆጠረ አባል ሰው ገድሏል ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል፤ እጁ እንደታሰረ በጎኑ ያዙሩት ወይም ያስቀምጡት። ካቴና በእጅ አንጓና በብረቱ መካከል ጣት የምታስገባ ያህል ክፍተት ኖሮት እንዳይጠብ ይቆለፋል፤ በምጥ ላይ ያለች፣ የምትወልድ ወይም ገና የወለደች ሴት በምንም ምክንያት አትታሰርም። ሰንሰለትና የእግር ብረት ፈጽሞ ክልክል ነው።

ቅጣትን በተመለከተ፣ ጥፋት የሠራው ሰው ተለይቶ፣ ክሱን ሰምቶ፣ መልስ ሰጥቶ ይቀጣል። አንድ ሰው ሲያጠፋ ክፍሉን ሁሉ መቅጣት፣ ምግብ ወይም ውኃ መቀነስ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ መዝጋት የተከለከሉ ናቸው። በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለብቻ መዝጋት ከ15 ተከታታይ ቀናት ማለፍ አይችልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 424 ሰውን በመያዝ፣ በመጠበቅ፣ በማጀብ ወይም በመመርመር ሥራ ላይ ሆኖ በጭካኔ የሚያሠቃይን የመንግሥት ሠራተኛ ይቀጣል፤ «ታዝዤ ነው» የሚለው መልስ በፍርድ ቤት እንደማያዋጣ አዲስ አባል ሁሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሊነገረው ይገባል።

ሕመምና ሞት

ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል፣ ሌሊት የሚያልበው፣ ክብደቱ የቀነሰ ሰው ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይላካል፤ እስኪታወቅ ድረስ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይለያል። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታና የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አንድም ቀን ሊያልፈው አይገባም፤ ዓርብ ማታ ገብቶ ሰኞ ሐኪም እስኪመጣ የሚጠብቅ ባለ ኢንሱሊን በሕይወት ላይደርስ ይችላል። ሕክምና መስጠትና መከልከል የሐኪም ውሳኔ ነው፤ ተረኛው የሚወስነው ስንት ሰዓት ላይ ሐኪም እንደጠራ ብቻ ነው።

ሰው ከሞተ ክፍሉ ይታሸጋል፣ አብረውት የነበሩት በእርጋታ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራሉ፣ ምንም ነገር አይታጠብም፣ አይነሣም። ጉዳዩ ከቤቱ ውጭ ለሆነና ለማጣራት ሥልጣን ላለው አካል ወዲያው ይገለጻል፤ ቤተሰብ ከሬዲዮ ወይም ከጠያቂ ወሬ ሳይሆን ከኃላፊው አፍ፣ በአክብሮት፣ በዚያው ቀን ይሰማል። አስከሬኑም በባህልና በሃይማኖቱ ሥርዓት እንዲቀበር ሳይጉላላ ይሰጣል።

ሲፈታ

የመፍቻ ትዕዛዝ ሲደርስ የፍርድ ቤቱ ማኅተምና ቁጥር በስልክ ወይም በአካል ይረጋገጣል፤ የሰውየው ፊት ከመዝገቡ ፎቶግራፍና ከጣት አሻራው ጋር ይመሳከራል፣ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች ተሳስተው የሚወጡት እዚህ ላይ ነውና። በሌላ መዝገብ የሚፈለግ መሆን አለመሆኑ ከትዕዛዙ በፊት እንጂ ከደረሰ በኋላ ቀናት እየፈጀ አይጣራም። ገንዘቡና ንብረቱ ሲገባ በተፈረመው ዝርዝር መሠረት አንድ በአንድ ተቆጥሮ ይመለስለታል፤ ጀምሮት የነበረው መድኃኒት ለጥቂት ቀን የሚበቃ ከነማዘዣው ይሰጠዋል። ትዕዛዙ የደረሰው አመሻሽ ላይ ከሆነና መንገዱ ሩቅ ከሆነ ቤተሰቡ እንዲመጣ ይደወልለታል፤ ራሱ ፈቅዶ ካልጠየቀ በቀር ግን ነገ ይሄዳል ብሎ ማሳደር አይቻልም። የወጣበት ሰዓት ከነደቂቃው ተጽፎ እሱም፣ አስፈቺውም፣ የበሩ ተረኛም ይፈርሙበታል፤ የማታው ቆጠራም በዚያ አንድ ሰው ተቀንሶ ይጀመራል።